ኬ-ዋን በወይዘሮ ውዴ መጋዘን

ክንዱ ሁለት ነገር አይሆንለትም፤ ሰው መሰብሰብና መዋሸት። ሁለቱንም ግን መሞከር አይሰለቸውም። የማወራችሁ ሁለቱንም በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰው ፊት ስለሞከረበት ጊዜ ነው። አብሬው ስለነበርኩ ከእሱ ይልቅ እኔን እመኑኝ። እሱ ሲያወራው አዳራሹ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ነበር ይላል።

ክንዱ የእስቴ ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ድምፁን ሰምተው፣ ይህ ልጅ ለሞፈር አልተፈጠረም ብለው ቤተ ልሔም ወደሚባለው የድጓ ደብር ወሰዱትና ለድጓ መምህር ሰጡት። እዚያ ደበሎ ለብሶ፣ በአኩፋዳ እየለመነ፣ ዜማ ሲያጠና ዓመታት ቆየ። ጎበዝ እንደነበረ የማይወዱትም ይመሰክሩለታል። ድጓውን ሳይጨርስ ግን ዘመድ ልጠይቅ ብሎ እስቴ እንደመጣ በዚያው ቀረ። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁት ረጅም ነገር ያወራላችኋል። እውነቱ አጭር ነው፤ ናትናኤል የሚባለው የሰፈራችን ልጅ ኪቦርድ ገዝቶ ነበር።

ናትናኤል በኪቦርድ፣ ካሣሁን በቤዝ ጊታር፣ እኔ ሞላ በድራም፣ ክንዱ በድምፅ ሆነን ዋንቃ ባንድን አቋቋምን። ዝናችን ከእስቴዋ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ አልወጣም። ከተማው ውስጥም ቢሆን ብዙ አልተራመደም። ሠርግ ላይ ዋናው ባንድ ሲቀር እንጠራለን፤ ምረቃ ላይ እንግዳው ምሳ ሲበላ እንጫወታለን። ክንዱ ግን ሰው ባገኘ ቁጥር ስለ ቀጣዩ ኮንሰርታችን ማውራት ይወድ ነበር። ያለፈው የቱ እንደሆነ ደፍሮ የጠየቀው የለም።

ዕፀገነት እስክትመጣ ድረስ ይህ ሁሉ ማንንም አይጎዳም ነበር። ዕፀገነት እስቴ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ነገር ቶሎ የሚገባት፣ ሳቋን የማትቆጥብ ልጅ ናት። ክንዱ ጉሮሮዬን አመመኝ እያለ ይመላለስባት ጀመር። በጤነኛ ጉሮሮው ያን ያህል የሳል ከረሜላ የጨረሰ ሰው አላየሁም። በመጨረሻ እሷም በሽታው ምን እንደሆነ ገባት፤ ተዋደዱ።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። መሪጌታ ቀለመወርቅ ይባላሉ፤ ታች ጋይንት አርብ ገበያ የሚኖሩ፣ የተመሰከረላቸው የዜማ ሊቅ ናቸው። ለዘፋኝ ልጅ መስጠት ይቅርና ዘፋኝ ከተቀመጠበት ጥላ ሥር አያርፉም ይባልላቸው ነበር። ዕፀገነትም ለክንዱ ቁርጡን ነግራዋለች። አባቴ እሺ ካሉ የአንተ ነኝ፣ እምቢ ካሉ ግን ከቃላቸው አልወጣም ብላዋለች። ቀልደኛ ብትሆንም በዚህ አትቀልድም ነበር።

ስለዚህ ክንዱ መምህር ሆነ። ፍጹም ውሸት አይደለም፤ አንድ ክረምት ለሦስት ልጆች ኪቦርድ አስተምሯል፤ ሁለቱ አቋርጠዋል። ዕፀገነት ይህን አልወደደችውም። እውነቱን እኔው ራሴ ቀስ ብዬ ልንገራቸው ብትለው፣ ከሠርጉ በኋላ ይደረስበታል ብሎ አፏን አስያዛት። ሽማግሌዎች በጥቅምት፣ እሑድ ቀን፣ አርብ ገበያ እንዲሄዱ ተቆረጠ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ክንዱ ክንዱነቱን ያሳየው። ወደ አርብ ገበያ መሄዳችን ካልቀረ ባንዱ ቀደም ብሎ ይግባና፣ አርብ ዕለት ገበያተኛው ከተማውን ሲያጥለቀልቀው ኮንሰርት እናድርግ አለ። እኛም፣ አማትህ አገር ሄደህ ልትዘፍን ነው ወይ ብለን ጮኽንበት። እሱ ግን ሁሉንም አስቦበታል። መሪጌታ መልኩን አያውቁትም፤ ዘፈን ያለበት ቤትም አይገቡም። ደግሞ የሚዘፍነው በሌላ ስም ነው። ስሙንም መርጦ ጨርሷል፤ ኬ-ዋን። ለፖስተሩ ኮፍያውን ቅንድቡ ድረስ ደፍቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ፎቶ ተነሣ። ጀርባውን የሰጠ ሰው መነጽር ለምን እንዳስፈለገው እስካሁን አልገባኝም።

ካሣሁን፣ ወሩ የጽጌ ጾም ነው፣ ሰው ዘፈን ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። ክንዱ የተማረ ሰው ሳቅ ሳቀበት። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፣ ከሰባቱ አጽዋማት አይቆጠርም፣ ማንም አይገደድበትም ብሎ አስረዳን። መጽሐፉ እንደሚለው ልክ ነው። እኛም እስቴ ያለን ጎረምሶች አንጾመውም። የጋይንት ሰው ግን የፈቃድ ጾም ሲሉት ፈቅዶ የሚጾም ሰው ነው። በጽጌ ቅዳሜ ማታ ማኅሌት የሚቆም ሕዝብ አርብ ዕለት እስክስታ ሊወርድ አይወጣም። ይህን ስሕተት ጨርሶ ያልተማረ አይሳሳተውም፤ ጨርሶ የተማረም አይሳሳተውም። ለዚህ የሚበቃው ግማሽ ድጓ ያለው ሰው ብቻ ነው።

መኪና እየቀያየርን፣ ስፒከሩን ከበግና ከጆንያ ጋር ጭነን፣ አቧራ ጠጥተን ደረስን። አዳራሽ የተባለው የወይዘሮ ውዴ የእህል መጋዘን ነው። ወይዘሮ ውዴ እህል የሚነግዱ፣ ሲናገሩ የማያዳግሙ ሴት ናቸው። በጥቅምት አዲሱ እህል ስላልገባ መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ አግዳሚዎቹን ከእድር ተውሰው ደርድረውልናል። ቤቱ ገብስ ገብስ ይሸታል። ድራሜን ለሙከራ ስመታው ከጣሪያው የዓመቱ አቧራ ወረደብኝ፤ ካሣሁን እስከ እሑድ ድረስ ሲያስነጥስ ነበር።

ረፋዱ ላይ ገበያው ጢም ብሎ ነበር። ክንዱ በመጋዘኑ በር ቀዳዳ እያየ እጁን ያፋትግ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው የት ይቀመጣል ብሎ በጣም ተጨነቀ። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሁሉ አህያውን መጫን ጀመረ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ማሳ ላይ የደረሰ ገብስ አለ፣ ጾሙ ደግሞ አልተፈታም። ናትናኤል በሜጋፎን «ኬ-ዋን! ኬ-ዋን!» እያለ ሲጮህ አንድ ገበሬ ቆም ብለው ማዳበሪያ መጥቶ እንደሆነ ጠየቁት። አይደለም ሲላቸው አህያቸውን ነድተው ሄዱ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ገበያው ባዶ ቀረ።

ክንዱ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋ። አሳዘነኝ። ወይዘሮ ውዴ ግን ለማዘን ጊዜ አልነበራቸውም። ከተማው ውስጥ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ እኛ ደግሞ ጄኔሬተር ተከራይተን መጥተናል። ሜጋፎኑን ከናትናኤል እጅ ነጠቁና በሩ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ «መግቢያ የከፈለ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል!»

ሰው መጣ። ሰባት ሰው። ሁለት ተማሪዎች፣ የጎረቤቱን ሁሉ ስልክ በከረጢት ይዞ የመጣ ልብስ ሰፊ፣ ሽንኩርት ያልተሸጠላት ሴትና ባሏ፣ ገና ሳይቀመጡ ማንቀላፋት የጀመሩ አንድ አዛውንት። ሰባተኛው ጥምጥማቸው የነጣ፣ ጭራ የያዙ ቄስ ነበሩ። ገመዱ የሚደርሰው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ድረስ ብቻ ስለነበረ ስልካቸውን ሰኩና እዚያው ከስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። ለወይዘሮ ውዴ ሲነግሯቸው ሰማሁ፤ ልጃቸው ነገ ከእስቴ ትመጣለች፣ በየትኛው መኪና እንደተሳፈረች ልትደውልላቸው ነው።

ክንዱ ዕፀገነት ያሳየችው ፎቶ ትዝ ሲለው ላቡ በመነጽሩ ሥር ወረደ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ እሳቸው ናቸው አለኝ። ማን ናቸው አልኩት። መሪጌታ አለኝና ኮፍያውን ይበልጥ ደፋ።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ኮንሰርት ማለት ይከብዳል። ክንዱ ጀርባውን ለሕዝቡ፣ ፊቱን ለካሣሁን አድርጎ ዘፈነ። ፖስተሩ ላይ ያለውን ሰው ያየ፣ ልክ እሱ ነው ሊል ይችላል። ድምፁን አጎርንኖ፣ አፍንጫው ውስጥ አስገብቶ፣ የሌላ ሰው ለማስመሰል ይጥራል። በጨለማ መጋዘን ጥቁር መነጽር ስላደረገ ስፒከሩን ረግጦ ሊወድቅ ሲል ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ የኮንሰርቱ የመጀመሪያ ጭብጨባ እሱ ነበር። ልብስ ሰፊው በየዘፈኑ መሐል እየተነሣ የሞላውን ስልክ ነቅሎ ያልሞላውን ይሰካል። መሪጌታ ወደ መድረኩ ቀና ብለው አላዩም፤ ስልካቸውን ብቻ ይጠብቃሉ።

በመሐል ጄኔሬተሩ አስነጠሰና ሞተ። ኪቦርዱ ዝም፣ ጊታሩ ዝም፣ ማይኩም ዝም አለ። ሰባቱም ስልካቸውን እየነቀሉ ተነሡ።

ክንዱ ይህን አልቻለም። መሪጌታንም ረሳ፣ የእሑዱን ሽምግልናም ረሳ፣ ዕፀገነትን ራሷን ሳይረሳ አይቀርም። ሰው ትቶት ሲሄድ ብቻ ታየው። ዞረና መነጽሩን አውልቆ፣ ያለ ማይክ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ለእሷ የሠራትን ቀርፋፋ ዘፈን ጀመረ። እኔ በእጄ ብቻ፣ እንደ ከበሮ፣ ቀስ እያልኩ ተከተልኩት። ያን ቀን የወጣው ድምፅ ቤተ ልሔም ብርድ ላይ ተቀምጦ የተማረው ድምፅ ነው። እየዘገየ ይነሣል፣ ይዞራል፣ ይሰበራል፣ ደግሞ ይነሣል። ሽንኩርቷን አንሥታ የነበረችው ሴት መልሳ አስቀመጠች። የተኙት አዛውንት ነቁ። ከእሱ ጋር ያን ሁሉ ዓመት ስጫወት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መሪጌታ በር ላይ ደርሰው ነበር፤ ቆሙ። ጭራቸው ሳያውቁት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ማለት ጀመረ፤ ማኅሌት ላይ እንደሚሉት። ራሳቸውን ሲያገኙት ያዝ አደረጉት። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ምስር ወጥ ውስጥ ድንጋይ እንደነከሰ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። ከዚያ ወጡ።

ቅዳሜን ክንዱ እህል አልቀመሰም። አውቀውኛል፣ ፊቴን አይተውታል፣ አለቀልኝ ይላል። ካሣሁን ያጽናናዋል፤ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ እሳቸውም ኬ-ዋን የሚባል ወፈፌ አዩ እንጂ ክንዱን አላዩም። ፊትህን የሚያዩት በሠርጉ ቀን ነው፣ ያን ጊዜ ረስተውታል አለው። ነገሩ የሚያስኬድ ነበር። እሑድ ጠዋት ግን ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ የተሳፈሩበት መኪና መንገድ ላይ ወገዳ ከተማ ሲደርስ ተበላሽቶ ቀሩ። ሁለት ሽማግሌ ደግሞ አይላክም። የክንዱ አጎት አቶ ጸጋዬ ዙሪያቸውን ቢያዩ ያለነው እኛ ነን። ካሣሁን ያስነጥሳል፣ ናትናኤል ጸጉሩን ቀለም ተቀብቷል። በወይዘሮ ውዴ ጋቢ ተጠቅልዬ፣ ከዘራ ተሰጥቶኝ ሦስተኛው ሽማግሌ እኔ ሆንኩ።

መሪጌታ ደጃፍ ቆመን እንግባ አልን፤ ገባን። ዕፀገነት ከጓዳው በር ጋቢዬን አይታ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ጸጋዬ ወጉን አሳምረው፣ ትውልዱን ቆጥረው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጨረሱ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ ቀና ብለው ያዩት እኔን ነው። የዕድሜ ባለጸጋን የሚያናግሩበትን አክብሮት ሁሉ አብዝተው፣ ሽማግሌው ምነው ጣትዎ አያርፍም አሉኝ። ለካ ከዘራውን ስደበድበው ኖሯል። ጋቢው ውስጥ ሰጥሜ ብቀር በወደድኩ።

ልጁ ሥራው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አቶ ጸጋዬ፣ መምህር ነው አሉ። ምን ያስተምራል ሲሏቸው አቶ ጸጋዬ ሳል ያዛቸው። መሪጌታ ብዙ አልጠበቁም። ከወጉ ውጭ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ልጁ እዚሁ ከተማ ውስጥ ካለ ይምጣና ራሱ ይንገረኝ አሉ። ተጠራ።

ክንዱ ያለ ኮፍያ፣ ያለ መነጽር ገባ። ጉልበት ስሞ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። መሪጌታ ግን ቁጣ ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ እንዲያውም የሚያዝኑለት መሰሉኝ።

«አርብ ዕለት እዚያ መጋዘን ስንት ሰው ነበርን?» አሉት።

«ሰባት» አለ።

«እኔ ለስልኬ ነው የመጣሁት። ሌሎቹም እንደዚያው። ዘፈን ብሎ የመጣ አንድም ሰው የለም። ቢሞላልህ ኖሮ ወሬው ከተማውን ይዞረው ነበር፤ እኔም ከደብሩ ካህናት ፊት ልጄን እሰጥህ ዘንድ አልችልም ነበር። አሁን ግን ማንም አላወቀህም። ሰሚ የሌለው ሰው ደግሞ ዘፋኝ አይባልም። እንግዲህ መምህር ነኝ በለኝ፤ እኔም አላየሁህም፣ ነገሩ በዚህ ያልቃል።»

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ በሆዴ። አቶ ጸጋዬ በዓይናቸው፣ በል ፈጠን በል ይሉታል። በሩ ተከፍቶለታል፤ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው። ክንዱ ደግሞ መዋሸት የሚወድ ሰው ነው።

ወደ ጓዳው አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አልችልም አባቴ» አለ። «ሰው አልመጣልኝም እንጂ ዘፋኝ ነኝ።»

አቶ ጸጋዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ከዘራዬን ይዤ ለመነሣት ተዘጋጀሁ። መሪጌታ ከማን ዘንድ ድጓ እንደተማረ ጠየቁት። ቤተ ልሔም ያሉትን የመምህሩን ስም ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማሽኑ ከሞተ በኋላ ያልከውን ከየት አመጣኸው አሉት። ራሴ ነኝ የሠራሁት አለ።

«መነሻው ደግ ነበር» አሉ። «ማሳረጊያው ላይ ጣልከው። የእኒያን ሰው ተማሪ ሆነህ እንዲህ ታበላሸዋለህ? መዝፈንህን እግዚአብሔር ይፍረደው፤ ዜማ ማበላሸትህን ግን የምፈርደው እኔ ነኝ። ሠርጉ በጥር ነው። እስከዚያ እየተመላለስክ ታቃናዋለህ።»

ከጓዳው እልልታ ወጣ። አቶ ጸጋዬ እልልታው የምን እንደሆነ የገባቸው ቆይቶ ነው። ክንዱ ግን ወዲያው ገብቶት መሬት ላይ ተደፍቶ የመሪጌታን እግር ይዞ አለቀሰ። እኔም ሽማግሌነቴን ረስቼ አለቀስኩ።

በጥር አርብ ገበያ ላይ ዳስ ተጣለ። የመሪጌታ ዘመድና የደብሩ ሰው ሁሉ መጣ፤ ዳሱ አልበቃ ብሎ ሰው አጥር ላይ ወጣ። መሪጌታ ለሠርግ ነው ብለው ስላልከለከሉን እኛም ቆምን፤ ዋንቃ ባንድ ያን ያህል ሕዝብ ፊት ቆሞ አያውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልቆመም። ክንዱ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ በሙሽራ ካባ ተጀቡኖ ተቀምጧል። ሙሽራ አይዘፍንም። ማይኩን ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር።

የእሱን ዘፈን ናትናኤል ዘፈነው። የናትናኤልን ድምፅ አትጠይቁኝ። ሕዝቡ ግን ወደደው፣ ጨፈረበት። ማሳረጊያው ላይ ሲደርስ ናትናኤል ጣለው፤ ያውም አርብ ዕለት ክንዱ ከጣለው የባሰ አድርጎ ጣለው። ከአማች መቀመጫው ክንዱ፣ ከካህናቱ መሐል መሪጌታ፣ እኩል ፊታቸውን አጨማደዱና ቀና ሲሉ ተያዩ። መሪጌታ ከተቀመጡበት ተነሥተው ሰውን እያለፉ መጥተው ከክንዱ አጠገብ ተቀመጡ።